አዲስ የድመት ግልገል ወደ ቤት ስትመጣ



በቅርቡ እሑድ ከጸሎት በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት እህት «ማዳም ለልጆቿ የድመት ግልገል ልታመጣ ነው፤ ምን ላዘጋጅ?» ብላ ጠየቀች። ግማሾቻችን ሳቅን። ያልሳቁት በሚሠሩበት ቤት ድመት ያለባቸው ነበሩ። ከዚያ የተነሣው ወሬ እስከ መሄጃ ሰዓታችን አላለቀም። አንዷ ስለ ሽታው፣ ሌላዋ ስለ ተቧጨረው ሶፋ፣ ሌላዋ ደግሞ ስለ ጠፋች ግልገልና በዚያ ሰበብ ስለ ደረሰባት ቁጣ አወራች። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወሬ የተነሣ ነው።

በአገራችን ድመት እንጀራዋን ሠርታ ነው የምትበላው። ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች፣ ምድጃ ዳር ትተኛለች፣ ከተረፈው ይጣልላታል። «ውሮ» ብለን እንጠራታለን እንጂ ሐኪም ቤት የሚወስዳት የለም። እዚህ ሌላ ነው። በእስልምና ድመት ንጹሕ እንስሳ ተብላ ስለምትቆጠር በዓረብ ቤቶች ከሰው ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች። ከነቢያቸው ባልደረቦች አንዱ የሚታወቅበት «አቡ ሁረይራ» የሚለው ስም ራሱ «የግልገሏ ድመት አባት» ማለት ነው። በክርስቲያኖቹም ቤት ቢሆን ፍቅሩ አያንስም። ስለዚህ ማዳም ድመቷን ከልጆቿ ለይታ ባታይ አትደነቁ።

ችግሩ ድመቷን የሚፈልጓት ልጆቹ ሲሆኑ አሸዋዋን የምናጸዳው እኛ መሆናችን ነው። ብትታመም፣ ብትጠፋ፣ ዕቃ ብትሰብር መጀመሪያ የሚጠየቀውም የእኛ ስም ነው። ቤቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ለግልገሏ ደኅንነት ነው፤ ለእኛም ነው።

መጀመሪያ ከማዳም ጋር መነጋገር

ግልገሏ ከመጣች በኋላ የሚደረግ ንግግር ክስ ይመስላል፤ ከመምጣቷ በፊት ሲሆን ግን ዝግጅት ነው። ማዳም ደስ ባላት ሰዓት፣ ቡናዋን እየጠጣች ሳለ ጠይቋት። ድመቷ የት ትተኛለች? የአሸዋዋ ሳጥን የት ይቀመጣል? ሐኪም ቤት ማን ይወስዳታል? ቤተሰቡ በበጋ ወደ ተራራ ወይም ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ከማን ጋር ትቀራለች? ከእነዚህ ውስጥ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ኑሯችሁን ይለውጠዋል።

በብዙ ቤት ሳጥኑ በመጨረሻ የሚያርፈው በሠራተኛዋ ክፍል ነው። እኔ በሠራሁበት አንድ ቤት ከአልጋዬ እግርጌ ነበር። ክፍሏ ከወጥ ቤት ጀርባ ናት፤ መስኮት የላትም። ግልገሏ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ አሸዋውን ስትጭር እኔም እነሣለሁ። ሽታው ልብሴ ውስጥ ገብቶ ቤተ ክርስቲያን ስመጣ ከሰው አጠገብ መቀመጥ ያሳፍረኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አልተናገርኩም፤ «አልፈልግም» ከማለት ሌላ የምለው ቃል አልነበረኝማ። በኋላ ግልገሏ በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ መሽናት ስትጀምር ሐኪም ቤት ተወሰደች። ሐኪሙ ሳጥኑ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀና «ሌሊት በሩ ሲዘጋ እንዴት ብላ ትግባ? አየር ያለበት፣ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቦታ አድርጉላት» አለ። በማግስቱ ሳጥኑ ወደ እንግዳ መታጠቢያ ቤት ሄደ። እኔ ሁለት ወር የፈራሁትን እሱ በአንድ ደቂቃ ጨረሰው።

ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። «ሽታው አስቸገረኝ» ከማለት ይልቅ የድመቷን ጠባይ ተናገሩ። ድመት ከምትበላበትና ከምትተኛበት አጠገብ መጸዳዳት አትወድም። ሳጥኗ በተዘጋ በር ኋላ ከሆነ ሶፋና ምንጣፍ ትመርጣለች። ጥሩ ቦታ የሚባለው ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መታጠቢያ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ጥግ ወይም ጸጥ ያለ መተላለፊያ ነው። ማዳም ለእናንተ ብላ ባትሰማ ለምንጣፏ ብላ ትሰማለች። ያሳዝናል፤ ግን የሚሠራውን መናገር ይሻላል።

ለንግግሩ የሚረዱ ጥቂት ቃላት እነሆ። በሊባኖስ ድመቷን «ብሰይኔ»፣ በኩዌትና በአካባቢዋ «ገጥዋ» ይሏታል። አሸዋው «ረምል» ነው። «ላዚም ሐኪም» ብትሉ ሐኪም ያስፈልጋታል ማለታችሁ ነው። «መ ኣክሊት» አልበላችም፤ «መዓ ኢስሃል» ተቅማጥ ይዟታል ማለት ነው።

አስም ያለባችሁ ወይም ድመት አጠገባችሁ ስትሆን ዓይናችሁ የሚያሳክካችሁና የሚያስነጥሳችሁ እህቶች ይህንንም ከመምጣቷ በፊት ተናገሩ። ከወር በኋላ ሲነገር ሰበብ ይመስላል።

እርጉዝ የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል እህት ካለች ይህን በጥንቃቄ ታንብብ። በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ዓይን የማያየው ተውሳክ ሊኖር ይችላል። በጤነኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል፤ እርጉዝ ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ግን በማኅፀን ያለውን ልጅ ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እርጉዝ ሴት የድመት አሸዋ ባትነካ ይመረጣል። የግድ ከሆነባት ጓንት ታድርግ፣ ወዲያው እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ በየቀኑም ይጽዳ እንጂ አይደር። ምክንያቱም ተውሳኩ ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ የሚደርሰው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያው ተውሳክ ካልበሰለ ሥጋና በደንብ ካልታጠበ ሰላጣም ይይዛል፤ ጥሬ ክትፎና ጥሬ ኪቤም በእርግዝና ጊዜ ይቅር። እርግዝናዋን ለአሠሪዋ መናገር የምትፈራ እህት ካለች ብቻዋን አትጨነቅ፤ እሑድ መጥታ ከእህቶች አንዷን ለብቻ ታናግር።

ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ክፍል

መጀመሪያ ወደ አሠሪዎቻችን ቤት የገባንበትን ቀን አስታውሱ። የማናውቀው ቋንቋ፣ የማናውቀው ሽታ፣ እናት የለችም፣ በሩ የትኛው እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ግልገሏም እንዲሁ ናት። ትልቁን ቤት በአንድ ቀን ብትለቁባት ከሶፋ ሥር ወይም ከማቀዝቀዣው ኋላ ገብታ አትወጣም፤ ስትፈልጓትም ቀኑ ያልቃል።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ትበቃታለች። በአንዱ ጥግ የአሸዋው ሳጥን፣ በሌላው ጥግ የውኃና የምግብ ሳህን፣ በመካከል በጎኑ የተኛ ካርቶን ከነአሮጌ ፎጣው። ካርቶኑ ቤቷ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ ውድ አልጋ አያስፈልግም፤ ቢገዛም ካርቶኑን ነው የምትመርጠው። ኤርኮንዲሽኑ በቀጥታ አይንፋባት። መቧጨሪያ የሚሆን በገመድ የተጠቀለለ እንጨት ወይም ወፍራም ካርቶን አቁሙላት፤ ካላገኘች ሶፋው ይተካዋል። ድመት የምትቧጭረው በተንኮል አይደለም፤ ጥፍሯን የምታድሰውና ሰውነቷን የምታፍታታው እንደዚያ ነው። በመምታት አትተውም፤ መፍራት ብቻ ነው የምትማረው።

የምትመጣዋ ግልገል ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሊሞላት ይገባል። ከዚያ በታች ከእናቷ የተለየች ግልገል ገና ወተት ልትፈልግ ትችላለች፤ በጣም ትንሽ ከሆነች በጡጦ በየጥቂት ሰዓቱ ትመገባለች፣ ሌሊትም ጭምር። ያ ሥራ በማን ላይ እንደሚወድቅ ታውቁታላችሁ። ማዳም ገና አልገዛች ከሆነ ይህን ብትነግሯት ለሁሉም ይበጃል።

በጉልበት ተንበርክኮ ቤቱን ማየት

ክፍሎቹን አንድ ጊዜ በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ እዩዋቸው። ከግልገሏ ቁመት ሲታይ ቤቱ ሌላ ነው፤ የስልክ ቻርጀር ሽቦ፣ ከምንጣፍ ሥር የወደቀ መርፌ፣ ከማቀዝቀዣው ኋላ ያለ ክፍተት ሁሉ ይታያል። ጡጫችሁ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ለእሷ በር ነው፤ በካርቶን ወይም በፎጣ ድፈኑት።

ከሁሉ በላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ተጠንቀቁ። ድመት ጨለማና ሞቃት ቀዳዳ ትወዳለች፤ የቆሸሸ ልብስ የተጨመረበት ማሽን ደግሞ ለእሷ የተነጠፈ አልጋ ነው። ድምፅ ሳታሰማ ገብታ ትተኛለች። ማድረቂያ ማሽን ካለ እሱ ይብሳል፤ ሙቀት አለውና። ልማድ አድርጉት፦ የማሽኑ በር ሁልጊዜ ዝግ ይሁን፤ ከመክፈታችሁ በፊት ልብሱን በእጅ አገላብጡ፤ ግልገሏንም በዓይናችሁ ካላያችሁ ማሽኑን አታስነሡ። ልጆቹ ከተቸኮሉና እነሱ በሩን ክፍት ትተው ከሄዱ እንኳ መጨረሻ ቁልፉን የምትጫኑት እናንተ ናችሁ። ይህ የሆነባት እህት ሐዘኑ ብቻ ሳይሆን የልጆቹ ለቅሶም አብሮ ይኖርባታል። ምድጃ፣ ልብስ መደርደሪያ፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ የሻንጣ ውስጥም እንዲሁ ይታይ።

ክር፣ የፀጉር ላስቲክ፣ የስጦታ ሪባን መጫወቻ ይመስላሉ፤ ከተዋጡ ግን አንጀት ይቆርጣሉ። ልብስ የምትሰፉ ከሆነ መርፌውን ከነክሩ የትም አትተዉ። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ፈጽሞ አትሳቡት፤ ሐኪም ይጠራ።

አሁን ስለ መድኃኒት። ራስ ምታት ሲይዘን የምንውጠው ፓናዶል ለድመት መርዝ ነው። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አንዲት ትልቅ ድመት ሊገድል ይችላል፤ ደሟ አየር መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። «ትኩሳት ይዟታል» ብሎ ሩቡን እንኳ መስጠት አይገባም። ፍሬ መሬት ላይ ከወደቀ ፈልጋችሁ አንሡ። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ ፐርሜትሪን የሚባል ነገር ያለበት ከሆነ ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። በምንጣፍና በክረምት ልብስ መካከል የምናኖረው ነጭ የናፍታሊን ፍሬ፣ የአይጥ መርዝ፣ የጉንዳን መርዝ ከፍ ብሎ በተዘጋ ቁም ሣጥን ይቀመጥ።

ከአበቦች ሊሊ የሚባለው ይብሳል። ለግብዣ ቀን በትልቅ የአበባ ማስቀመጫ የሚመጣው፣ ትልልቅ ነጭ ወይም ሮዝ ቅጠል ያለውና ቢጫ ብናኙ ልብስ የሚያበላሸው አበባ ነው። ግልገሏ ብናኙን ከፀጉሯ ላይ ብትልስ ወይም የማስቀመጫውን ውኃ ብትጠጣ እንኳ ኩላሊቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ድመት ባለበት ቤት ይህ አበባ ጨርሶ አይግባ፤ ለማዳም ምክንያቱን ንገሯት። በየአትክልቱ ቦታ የሚተከለው ዓረቦቹ «ደፍላ» የሚሉት አበባም መርዝ ነው።

ቤት ማጽጃዎችን በተመለከተ፦ ወለል በዴቶል ወይም በክሎሮክስ ከታጠበ ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ ግልገሏ አትለፍበት። ድመት እግሯን በምላሷ ነው የምታጸዳው፤ የረገጠችው ሁሉ ሆዷ ይገባል። ዴቶል ለድመት አይስማማም፤ ለሳህኗና ለሳጥኗ ተራ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ሙቅ ውኃ ይበቃል።

ባልኮኒው

እህቶቼ፣ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ድመት ባልኮኒ ትወዳለች። የምትበር ወፍ ካየች ሦስተኛ ፎቅ ይሁን ዐሥረኛ አታስብም። ግልገል ደግሞ በባልኮኒው ብረት መካከል ሾልካ ትወጣለች። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከሱቅ የሚገኝ ጠንካራ መረብ በብረቱ ላይ ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል። የትንኝ ወንፊት ብቻውን አይበቃም፤ ጥፍሯ ይቀደዋል፣ ክብደቷም ይገፋዋል። መረቡን ባልኮኒው ላይ ቆሞ የሚያስረው በዚህ ሥራ የለመደ ሰው እንጂ እናንተ ወንበር ላይ ወጥታችሁ አይደለም። መረብ እስኪታሰር ድረስ የባልኮኒው በርና መስኮቶቹ ይዘጉ። ልጆቹም ይህን ይማሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ግልገሏ ወጥታ በጠርዙ ላይ፣ የኤርኮንዲሽኑ ማሽን በሚቀመጥበት ብረት ላይ ወይም በጎረቤት መስኮት ሥር ቆማ ልትጮኽ ትችላለች። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ማዳም ትጮኻለች። እናንተም ትደነግጣላችሁ፤ እጃችሁ ትንሽ ቢረዝም የምትደርሱባት ይመስላችኋል።

አትውጡ። ከብረቱ ማዶ እግራችሁን አታሳርፉ። መስኮት ላይ አትቁሙ። «አምጪያት» ብትባሉም አትውጡ።

በ1987 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር በኒው ዮርክ ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች ከፎቅ ወድቀው ስለ መጡላቸው 132 ድመቶች ጽፈዋል። ከታከሙት ውስጥ ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል ተርፈዋል። ድመት በአየር ላይ ተገልብጣ በእግሯ የማረፍ ተፈጥሮ አላት፤ ሰውነቷም ቀላል ነው። አጥንቷ ሊሰበር ይችላል፣ ልትሞትም ትችላለች፤ ብዙዎቹ ግን ይድናሉ። ሰው እንዲህ አልተፈጠረም። በዚህ አካባቢ ከባልኮኒ የወደቁ እህቶችን ቀብረናል፤ ለመስኮት መጥረግ ወጥተው የወደቁም አሉ። ለግልገል ድመት ሲባል አንዲት መጨመር የለባትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ልጆቹን ከዚያ አርቁ፤ ጩኸቱ ያባርራታል። በሩን ወይም መስኮቱን ክፈቱ፣ ሽታው ጠንካራ የሆነ ምግብ፣ ለምሳሌ ቱና፣ ከበሩ ወደ ውስጥ አስቀምጡና ሁላችሁም ዞር በሉ። ብዙ ጊዜ በራሷ ትመለሳለች። ካልተመለሰች ናጡሩን ጥሩት፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ሓሪስ» የሚሉት ነው። በሊባኖስ የሲቪል መከላከያ ስልክ 125 ነው። ማዳም ከተቆጣች «ማዳም፣ እኔ ከወደቅሁ ፖሊስ ይመጣል» በሏት። ይህን አባባል አንዲት እህት ነግራኝ ነው፤ ሠርቶላታል።

ምግብና ጾም

ግልገል እስከ ሦስት ወር ድረስ በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብትበላ ይበቃታል። ለግልገል የተሠራ ምግብ እስከ ዓመቷ ትብላ። በመጀመሪያው ሳምንት ከመጣችበት ቤት የለመደችውን ምግብ መቀጠል ነው፤ በድንገት ከተለወጠ ተቅማጥ ይይዛታል። ተቅማጡን ማን እንደሚጠርግ መናገር አያስፈልግም።

የላም ወተት አትስጧት። በሥዕል ሁሉ ድመት ወተት ስትልስ ስለምናይ መልካም ይመስለናል፤ ጡት ከተወች በኋላ ግን ብዙዎቹ ወተቱን መፍጨት አይችሉም። ንጹሕ ውኃ ብቻ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ደሟን ያበላሻል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም፤ ስለዚህ ከሳህናችን አትቅመስ። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ወይንም ይቅሩ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮዋን ይወጋል።

አንዲት እህት በዐቢይ ጾም እኔ ሽሮ እየበላሁ ለድመት ዶሮ መቆራረጥ ከበደኝ ብላ አስቃናለች። ድመት ግን አትጾምም፤ አትችልምም። ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን የሚባል ነገር ካነሳት ዓይኗና ልቧ ይታመማሉ። ለእሷ ሥጋ መቁረስ ጾማችንን አይሽርም።

አሸዋው

በሳጥኑ ውስጥ አሸዋው ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲሜትር ይሁን። ሳጥኑ ጠርዙ ዝቅ ያለ ይሁንላት፤ እግሯ አጭር ነው። ሽቶ ያለበት አሸዋ ለእኛ ይሸታል፤ እሷ ግን ትሸሸዋለች። ውኃ ሲነካው የሚጓጉለውን ዓይነት በጣም ትንሽ ለሆነች ግልገል አታድርጉ፤ ልትበላው ትችላለችና።

ከበላች በኋላና ከእንቅልፏ ስትነሣ ሳጥኑ ውስጥ አኑሯት፤ አብዛኞቹ በአንድ ሁለት ቀን ይለምዱታል። በየቀኑ ቢቻል ሁለት ጊዜ በማፈሻው አውጡ፤ በሳምንት አንዴ ሁሉንም ጥላችሁ ሳጥኑን በሳሙና እጠቡ። አሸዋውን ወደ ሽንት ቤት አትድፉ፤ ቱቦው ይዘጋል። በከረጢት ታስሮ ይጣል።

አንድ ነገር እጅግ ተጠንቀቁ። ሽንቷ አሞኒያ አለው። ሽንት ባለበት ቦታ ወይም ሳጥን ላይ ክሎሮክስ ከደፋችሁ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ አደጋ ነው። ክሎሮክስን ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ። ዓይናችሁ ቢያቃጥልና ሳል ቢይዛችሁ ሁሉንም ትታችሁ ውጡ፣ መስኮት ክፈቱ። ምንጣፍ ላይ ከሸናች በጨርቅ ምጠጡትና በሳሙናና በውኃ እጠቡት።

ሐኪምና ንክሻ

ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜዋ ይጀመራል፤ እስከ ዐሥራ ስድስት ሳምንቷ ድረስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ ይሰጣል። ማዳም የክትባቱን ደብተር ስታገኝ ፎቶ አንሥታችሁ በስልካችሁ ያዙት። የእናንተ ሥራ ባይሆንም ብትነክሳችሁ ያስፈልጋችኋል።

ከመንገድ የተነሣች ወይም ያልተከተበች ድመት ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለባችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይመጣል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተወሰደ ግን ይከላከላል። «ትንሽ ጭረት ነው» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ማዳም ዛሬ አይመችም ካለች ለቤተ ክርስቲያናችን እህቶች ደውሉ። የተከተበች ድመት ንክሻም ቢሆን ጥርሷ ቀጭንና ጥልቅ ስለሆነ ቶሎ ያመረቅዛል፤ እጃችሁ በማግስቱ ካበጠና ከቀላ የሰው ሐኪም ጋ ሂዱ።

ግልገሎች ብዙ ጊዜ ጭርት ይዘው ይመጣሉ። በፀጉሯ ላይ ክብ መላጣ ቦታ ካያችሁ ወይም በክንዳችሁ ላይ ክብ የሚያሳክክ ነገር ከወጣ ለማዳም አሳዩ፤ ልጆቹም ሊይዛቸው ስለሚችል ቶሎ ታስባለች። ለሃያ አራት ሰዓት ምንም ያልበላች፣ ደጋግማ የምታስታውክ ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ የያዛት ግልገል እስከ ነገ አትቆይም። ሰዓቱን አስታውሳችሁ ለማዳም በዋትሳፕ ጻፉ፤ በኋላ «ለምን አልነገርሽኝም» ስትባሉ መልሱ እዚያው ተጽፎ ይገኛል።

ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ማምከን እንደሚያስፈልጋት ማዳምን አስታውሷት። ያልመከነች እንስት ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ትጮኻለች፤ ያን ጊዜ እንቅልፍ የሚያጣው ወጥ ቤቱ አጠገብ የሚተኛው ሰው ነው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

ስትመጣ የመጣችበትን ሳጥን በክፍሏ መሬት ላይ አስቀምጡና በሩን ከፍታችሁ ተዉት። ጎትታችሁ አታውጧት። ልጆቹ አንድ በአንድ ይግቡ፤ መሬት ላይ ይቀመጡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያድርጉ። መጥታ እጃቸውን እስክታሸት ይጠብቁ። በዕለቱ ካልበላች ገና አትደንግጡ፤ ውኃዋን ብቻ እዩ። ሌሊት ስትጮኽ እናቷን እየጠራች ነው። በጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ ካርቶኗ ውስጥ ብታኖሩላት ትጠጋዋለች።

የእንቅልፍ ሰዓታችሁ ከደረሰ በሩን ዘግታችሁ ተኙ። ጠዋት መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ባልኮኒውን፣ ከዚያ እሷን እዩ።